ከኋላ እኔ አለሁ

እትዬ በሥጋ ምኔም አይደለችም። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ ፊት ለፊት ቆመን አንሶላ ስናጥፍ ዕድሜያችንን ጨረስን፤ ዝምድናችን ይኸው ነው። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከመተኮሻው ማሽን ትኩሱን ሲወጣ አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋም ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፤ ወጠር ያደርጉትና ወደ መሀል ተጠጋግተው ጫፉን ከጫፉ ያገናኙታል። አንዷ ከዘገየች መሬት ይነካል፤ መሬት የነካ አንሶላ ደግሞ ተመልሶ ይታጠባል። ከእትዬ ጋር ሳጥፍ መሬት የነካብን አንሶላ ትዝ አይለኝም። ከሌሎቹ ጋር ግን ስንቱን እንደተሳደብኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

እትዬ የሚላት መላው ሆስፒታል ነው፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሐኪሞች ሳይቀሩ እትዬ ይሏታል። ስሙ የወጣላት ግን እቤቷ ነው። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት እናቷ ሞተችና ሦስት ታናናሾች እጇ ላይ ቀሩ፤ አባትየው ቀድሞ ሄዷል። ትምህርቷን ትታ ላውንደሪ ገባች። ሆስፒታሉም እንፋሎት ከሚያመነጨው ቦይለር ጀርባ ከተደረደሩት የሠራተኛ ክፍሎች አንዷን ሰጣት። የክፍሏ አንዱ ግድግዳ የቦይለሩም ግድግዳ ስለሆነ ብርድ የሚባል አታውቅም። ከእንፋሎቱ ብዛት ግን ቀለም አይዝላትም፣ በየዓመቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ሦስቱም ልጆች እዚያች ውስጥ አደጉ። አንድ የአምቡላንስ ሾፌር ሊያገባት ፈልጎ፣ "ልጆቹን ግን ለዘመድ ስጪያቸው" ቢላት፣ "ዘመዳቸው እኔ ነኝ" አለችው። ሾፌሩ ሌላ አገባ። እሷ አንሶላዋን ማጠፍ ቀጠለች።

ዛሬ ታላቅየው መሐንዲስ ነው። መካከለኛዋ ፋርማሲስት ናት። መላጣው ብቅ ብሎም "ማሙሽ" መባሉ ያልቀረለት የመጨረሻው፣ ባንክ ይሠራል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እነዚህን ሦስቱን ግን በአንድ ነገር አንድ ቀለም አድርጎ ነው የፈጠራቸው፤ ከታች ታዩታላችሁ።

እናታቸው በሞተችበት ዓመት ልጆቹ አልጽናና አሉ። እትዬ በዕረፍት ቀኗ አውቶቡስ አሳፍራ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወሰደቻቸው። ከፌርማታው ማዶ ሰፊ መስክ አለ፣ ከመስኩ ቀጥሎ ረግረግ፣ ከረግረጉ ወዲያ ዛፍ ያለበት ጉብታ። "ሌላው ሁሉ ያስከፍላል፣ ሜዳ አያስከፍልም ብዬ ነው" ትላለች። ልጆቹ ከሐዘኑ ወዲህ የሳቁት እዚያ ነበር። ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ዝናቡ እንዳባራ፣ ሣሩ ሳይደርቅ፣ ይሄዳሉ። ትዳር ሲመጣ ባልና ሚስቶቹ ተጨመሩ፣ ቀጥሎም ልጆች።

ረግረጉን የሚያቋርጡት በአንድ ረድፍ ነው። ታላቅየው ከፊት ሆኖ መሬቱን በዱላ እየወጋ ይሞክራል፣ እትዬ መጨረሻ ትሆናለች። "የፊተኛው የሚያየው መንገዱን ነው፤ ልጆቹን የሚያያቸው የኋለኛው ነው" ትል ነበር። በሁለተኛው ዓመት መካከለኛዋ አበባ ላሳይሽ ብላ ወደ እትዬ ዞር ስትል እግሯ ሳተና እስከ ወገቧ ሰጠመች። እትዬ ጭቃው ላይ በሆዷ ተኝታ፣ የሹራቧን እጅጌ አስይዛ ጎትታ አወጣቻት። ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ። ረግረግ ውስጥ ወደ ኋላ መዞር ክልክል ነው፤ ሰው እግሩን ነው የሚያየው። የእትዬን መኖር ማረጋገጥ የፈለገ ሳይዞር ይጣራል፣ "እትዬ፣ አለሽ?" ይላል። እሷም "ከኋላ እኔ አለሁ!" ትላለች። ክፍላቸው ውስጥ መብራት ሲጠፋ እንኳ እንደዚሁ ነበር የሚጠራሩት።

ዘንድሮ እትዬ ጡረታ ወጣች። ክፍሏ የሠራተኛ ክፍል ናት፤ ሥራው ሲያልቅ ክፍሏም ታልቃለች። ይህን ከወራት በፊት ለመሐንዲሱ በስልክ ነግራው ነበር። "አታስቢ እትዬ፣ እናያለን፤ እንዲህ በቀላሉ አያስወጡሽም" አላት። አስወጧት እንጂ! ዓርብ ዕለት ቁልፉን አስረከበች። ዕቃዋን በሁለት አሮጌ አንሶላ ቋጥረን ወደ እኔ ቤት አመጣነው። የእኔ ቤት ማለት ከልጄና ከልጅ ልጆቼ ጋር የምተኛባት አንዲት ክፍል ናት። እትዬ በሩ ጥግ ፍራሽ ዘርግታ ተኛች፤ ለሽንት የወጣ ሁሉ እየረገጣት አደረ። "ለጊዜው ነው" አለች። እኔም ለልጄ "ለጊዜው ነው" አልኳት። ልጄ ጥርሷን ነክሳ፣ "ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?" አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም፤ እሷም የምትተኛው ሁለት ልጆች እላይዋ ላይ ተጋድመው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለነገው የመስክ ጉዞ እንቁላልና ድንች ስንቀቅል ነገሩን አነሳሁት።

"ነገ ንገሪያቸው።"

"ምን ብዬ?"

"ቤት የለኝም ብለሽ ነዋ! ሦስት ቤት አለሽ እኮ፤ ሦስቱንም የሠራሻቸው አንቺ ነሽ።"

"ያሳደግኩትን ልጅ አስጠጋኝ ብዬ ልለምን?"

"ዝም አይነቅዝም ብለሽ ስትቀመጪ በምን ይወቁልሽ?"

ድንቹን በሹካ ወጋ ወጋ አደረገች። ውኃውን አጥልላ ስትጨርስ ነው የተናገረችው። "እሺ። ነገ ረግረጉ ውስጥ 'እትዬ፣ አለሽ?' ብሎ የጠራኝን፣ እሱን እጠይቀዋለሁ። ለሚያስበኝ ሰው ብናገር ልመና አይሆንብኝም።"

"ማናቸውም ባይጠሩሽስ?"

"ሲጠሩኝ አይደል እንዴ ያደጉት? ምን ነካሽ አንቺ!"

ከዚያ የምግቡ ቅርጫት ይከብደኛልና አብረሽኝ ሂጂ አለችኝ። አፌንም እንዳልከፍት በልጄ አስማለችኝ፤ "ምላሳም" የምትለኝ በከንቱ አይደለም።

እሁድ ጠዋት የሚወስዷት ከሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ወደ ውስጥ ገብተው ክፍሏን ካዩ ስንት ዘመናቸው! መኪና ከገዙ ወዲህ በሩ ላይ ክላክስ ያደርጋሉ፣ እሷ እየሮጠች ትወጣለች። ስለዚህ ከእኔ ቤት ተነስተን፣ ቅርጫቱን እየተቀባበልን፣ ወደማትኖርበት ግቢ ሄደን በሩ ላይ ቆምን። ዘበኛው ዓርብ ዕለት ቋጠሮዋን ይዛ ስትወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው የሸኛት።

"ምነው እትዬ፣ በደህና?" አላት።

"ልጆቼ የሚወስዱኝ ከዚህ ነው" አለችው።

ዘበኛው እኔን አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

መኪናዎቹ መጡ። መሐንዲሱ ወርዶ አቀፋት፣ "ጡረተኛዋ! ከእንግዲህ ማረፍ ብቻ ነው!" አላት። የተናገረው ከአንገት በላይ አልነበረም፣ ይወዳታል። ሦስቱም ይወዷታል። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ቢጠሏት ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

መስኩ ጋ ወርደን ቦቲ ጫማ ሲቀያየር ፋርማሲስቷ ወደ እኔ ጠጋ አለች። "ክፍሏን የለቀቀች ቀን ማሙሽ ጋ ብትሆን ነው የሚሻላት። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው፣ እሷ ደግሞ ልጅ ትወዳለች" አለችኝ። ቆይቼ ማሙሽን ስሰማው ለእህቱ ባል፣ "እትዬ ታላቅ ወንድሜ ጋ ነው የምትገባው፤ ግቢው ሰፊ ነው" ይላል። መሐንዲሱ ደግሞ ለሚስቱ፣ "ሴት ከእህቷ ጋር ነው የሚመቻት" አላት። ሦስቱም ለእትዬ ቤት አግኝተውላታል፣ የሌላውን ቤት። እኔ በልጄ ስለማልኩ ምላሴን ነከስኩ።

መስኩን አልዋሽም፣ ያምራል። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ ይተኛል። ቢጫና ሐምራዊ አበባ ተበትኖበታል። ዕድሜዬን በእንፋሎት ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝና አየሩ ደረቴ ውስጥ ሲገባ ማልቀስ አማረኝ። ልጆቹ ከፊት ይሮጣሉ፣ እትዬ ከኋላ የወደቀ ኮፍያ፣ የተጣለ የብርቱካን ልጣጭ እየለቀመች ትከተላለች። መኪና ውስጥ ደህና ነበረች፣ እዚህ ግን አንገቷን ሰገግ አድርጋ ማዳመጥ ጀመረች።

ረግረጉ ሲጀምር ሰዉ ረድፍ ያዘ። መሐንዲሱ በሚታጠፍ የብረት ዱላ እየሞከረ ይመራል፣ ሌላው በእሱ ዱካ ይከተላል፣ ከመጨረሻው በፊት እኔ፣ መጨረሻ ደግሞ እትዬ። ጥቁር ውኃ መሀል የሣር ጉቶዎች አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተረገጠ ነው የሚታለፈው። ግራና ቀኙ ሸምበቆ ነው። እንቁራሪት ይጮኻል። አንድ ነጭ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ በንቀት አየን።

"ደረቁን ጉቶ እርገጪ" ትለኛለች ከኋላዬ። "ያንን አረንጓዴ ለስላሳውን አትመኚው፣ የሚውጠው እሱ ነው።"

ጥቂት ሄድን። ከፊት ወሬው ደርቷል። ልጆቹ የወፍ ስም ከስልካቸው ላይ እየፈለጉ ይከራከራሉ፣ ማሙሽ ስለ መኪና ጎማ ያወራል። "እትዬ" የሚል አንድ ድምፅ የለም። መሀል ላይ ስንደርስ መሐንዲሱ ቆመና ሳይዞር ጮኸ፣ "ሁሉም አለ?"

ከኋላዬ እትዬ አየር ስትስብ ሰማኋት። ልጆቹ ግን ቀድመው "አለን!" ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ፣ መሐንዲሱም "እንቀጥል!" አለ። እትዬ የሳበችውን አየር መልሳ ተነፈሰችው።

ትንሽ እንደሄድን "ቁሚ" አለችኝ። ቅርጫቱን ደረቅ ጉቶ ላይ አስቀመጠች።

"ደከመሽ?"

"አልደከመኝም። እስኪ እንቁም።"

ቆምን። እነሱ እየሄዱ ነው። መጀመሪያ ጀርባቸው፣ ቀጥሎ ኮፍያቸው ብቻ በሸምበቆው ጫፍ ላይ ታየ። የአንዲቷ ልጅ ቀይ ኮፍያ ወዲያና ወዲህ እያለ ራቀ። አንድም ሰው አልዞረም።

"ልጥራቸው!" አልኩ።

"አፍሽን!"

"አይዞሩም እኮ እትዬ።"

"አይዞሩም። እንዳይዞሩ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።"

"መጥራትንም አስተምረሻቸው ነበር!"

እኔ ደግሞ ከተናደድኩ የማቆሚያ ፍሬን የለኝም። "ባሳደግኩት ውሻ ተነከስኩ ማለት ይኸው ነው" አልኳት።

"ልጆቼን ውሻ አታድርጊብኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። በላውንደሪው ጩኸት መሀል እንኳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም። ከዚያ ፊቷን ወደ ሸምበቆው መለሰች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ረግረግ የሚራመደውን ነው የሚያሳልፈው፤ የቆመውን ቀስ እያለ ይወስደዋል። ጉቶው በክብደታችን ሰመጠ፣ ቀዝቃዛው ውኃ ጫማችን ውስጥ ገባ፣ ቁርጭምጭሚታችን ጋ ደረሰ። እትዬ ግን አልነቃነቅ አለች። እነሱ ከረግረጉ ወጥተው ጉብታው ላይ ሲወጡ ከሩቅ አየናቸው። ምንጣፍ አነጠፉ። ልጆቹ ዛፉን ሲዞሩ ታዩ። ቁጭ ብለው ሲረጋጉ እንኳ ማንም ወደ ረግረጉ አሻግሮ አላየም።

በዚህ መሀል የእትዬ ስልክ ጮኸ። ከኪሷ አወጣችው። ማሙሽ ነው። ይህ በጀርባዋ አዝላ ላውንደሪ ድረስ ያመጣችው፣ የአንሶላ ጋሪ ውስጥ አስተኝታ ያሳደገችው ልጅ ነው። ፊቷ በራ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።

"እትዬ!" የሚለው ድምፁ ለእኔም ተሰማኝ።

"ወዬ የኔ ጌታ!"

"ቅርጫቱ አንቺ ጋ ነው አይደል? ልጆቹ ራባቸው እኮ።"

ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ አየችው። መልሳም ያዘችው። "እኔ ጋ ነው" አለች። "ከኋላ እኔ አለሁ። መጣን።"

እግሯን ከጭቃው ነቅላ ቅርጫቱን አነሳች። "ጠራሽ አይደል? እንግዲያ እሱን ጠይቂው" አልኳት፤ ንዴቴ ነው እንዲህ ያናገረኝ።

"የጠራው ቅርጫቱን ነው" አለችና ቀድማኝ ተራመደች።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ሁሉም "መጣች፣ መጣች!" እያሉ ቅርጫቱን ተቀበሏት። ጭቃችንን አይተው ሳቁብን። እንቁላሉ ተላጠ፣ ድንቹ በጨው ተበላ፣ ሻዩ ተቀዳ። እትዬ እንደ ልማዷ ለሁሉም አድላ ስትጨርስ የተሰነጠቀውን እንቁላል ለራሷ አስቀረች። ከምሳ በኋላ ማሙሽ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እትዬ ደጀናችን ናት" አለ። "ዛሬ ሦስታችንም የቆምነው እሷ ከኋላችን ስላለች ነው። ለጡረታዋ የሚሆን አንድ ነገር አዘጋጅተናል።"

ተጨበጨበ። ፋርማሲስቷ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ከዛፉ ሥር አመጣች፤ ባሏ ነው እስከዚያ በጀርባው የተሸከመው። ሲገለጥ ባለፈው ዓመት እዚያው ጉብታ ላይ የተነሱት የቤተሰብ ፎቶ ነው፣ በወርቃማ ክፈፍ፣ መስተዋት ያለው፣ ሁለት ሰው የሚይዘው። ሁሉም ጥርሳቸውን ገልጠዋል። በስተቀኝ ጥግ የእትዬ አንድ ትከሻና ግማሽ ፊቷ አለ።

"ግድግዳሽ ላይ ትሰቅይዋለሽ" አለቻት ፋርማሲስቷ። እንባዋ መጥቶ ነበር፣ የእውነት እንባ።

"የትኛው ግድግዳ?" አልኩ።

መሐላዬን እንደ በላሁ የገባኝ ካወጣሁት በኋላ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አልሽ?" አለኝ መሐንዲሱ።

"ግድግዳው እርጥብ ነው ማለቷ ነው" አለች እትዬ ፈጥና፣ እግሬን ረግጣ። "በቦይለሩ ምክንያት።"

"አዎ፣ እሱ ትዝ ይለኛል!" አለ መሐንዲሱ፤ ፊቱ በደስታ ፈካ። "እንደ ሽንኩርት ሲላጥ! አሁን እኮ እርጥበት የሚችል ቀለም አለ፣ እልክልሻለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች እትዬ። ሦስቱንም ግንባራቸውን ሳመቻቸው።

ስንመለስ በረግረጉ ውስጥ ማንም አልጠራም፤ እኔም ጆሮዬን መስጠት ትቼ ነበር። መኪና ውስጥ ፎቶው ጭናችን ላይ ተጋድሞ መጣን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረዱን። "ደህና እደሪ እትዬ! ዛሬውኑ ስቀዪው!" አሉና ሄዱ። እጇን ስታወዛውዝ ቆየች፣ እነሱ ግን መንገዱን ነው የሚያዩት። እንዳሳደገቻቸው ናቸው።

ዘበኛው ከጎጆው ወጣ። "ምነው እትዬ፣ ምን ረስተሽ ተመለስሽ?"

"እኔ የረሳሁት የለም" አለችው።

ክፈፉን እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ይዘን ወደ እኔ ሰፈር ተነሳን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጎን ለጎን አያስኬድም። መስተዋቱ እንዳይሰበር፣ ጫፉ መሬት እንዳይነካ፣ እንደ አንሶላው ወጠር አድርገን ነው የያዝነው። የእግሯ ድምፅ አልሰማ ቢለኝ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳልዞር ጠራሁ።

"እትዬ፣ አለሽ?"

ክፈፉ እጄ ላይ ከበደ። ቆማለች ማለት ነው። እኔም ቆምኩ፣ ለመዞር ግን ድፍረት አጣሁ።

"አለሁ" አለች። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ከአፏ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል አወጣችው። "ታስጠጊኛለሽ?"

የጠራኝን እጠይቃለሁ ብላ አልነበር? ቃሏን ጠበቀች። በሩ ጥግ ያለው ፍራሽ ታየኝ። የልጄ "እስከ መቼ ነው?" ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ቀኑን ሙሉ ሦስቱን ልጆች በሆዴ ስረግም የዋልኩት እኔ፣ ምላሳሟ፣ መንገዱን እያየሁ መለስኩላት።

"ለጊዜው" አልኳት።